የትምህርት አድራሻና የመመለሻ ቁልፍ፤ ኮሊብሪ የተባለው የማስተማሪያ መርሐ ግብር ሲመረመር

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተመሠረተ የትምህርት ዕቅድ የቱን ያህል ደካማ እንደ ሆነ ታይቷል። ስለዚህም ለሳንጃና ለመሰል የቆላ ከተሞች ትምህርት ቤቶች የሚያቅድ ሰው፣ ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለው ድርጅት ያዘጋጀውን ኮሊብሪን ቢመረምር ተገቢ ነው። ኮሊብሪ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ በተዘረጋ መረብ ለተማሪዎች ስልክና ታብሌት ትምህርት ያድላል።

ስለ ይዘቱ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እዚህ የሚመረመረው ግን ተማሪው ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት መንገድ ነው። ኮሊብሪ የተሠራው በባለአንድ ገጽ ዘዴ ነው፤ ይኸውም ተማሪው ርእስ በለወጠ ቁጥር ገጹ እንደ አዲስ አይጫንም፣ በዚያው ገጽ ላይ ይዘቱ ብቻ ይለዋወጣል። 40 ተማሪዎች አንድ ኮምፒዩተር በሚጋሩበት ክፍል ይህ ሸክም ያቃልላል። አደጋውም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ብራውዘሩ የሚያውቀው አንድ አድራሻ ብቻ ከሆነ፣ የመመለሻውን ቁልፍ የተጫነ ተማሪ ወደ ቀደመው ርእስ በመመለስ ፈንታ ከትምህርቱ ጨርሶ ይወጣል፤ ገጹንም ቢያድሰው ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ኮሊብሪ ከዚህ ስሕተት ድኗል። እያንዳንዱ ትምህርት የራሱ አድራሻ አለው፤ መለያውም የሚጻፈው ከ# ምልክት በኋላ ነው። ከምልክቱ ቀጥሎ ያለውን ብራውዘሩ ለራሱ ይይዘዋል እንጂ ወደ ሰርቨሩ አይልከውም። በኋላ የመጣው ዘዴ ምልክቱን አስቀርቶ አድራሻውን ያሳምረዋል፤ ነገር ግን ሰርቨሩ ማናቸውንም አድራሻ ሲጠየቅ ያንኑ መነሻ ገጽ እንዲመልስ ካልተዋቀረ፣ ገጹን ያደሰ ተማሪ «አልተገኘም» የሚል መልስ ይደርሰዋል። ባለሙያ በቅርብ በማይገኝበት ስፍራ የቀድሞውን ዘዴ መምረጥ ከውበት አገልግሎትን ማስቀደም ነው።

ነቀፌታ የሚገባው አድራሻው ራሱ ነው። ትምህርቱ የሚለየው 32 ፊደላትና አኃዞች በተደረደሩበት ትርጉም የለሽ ተርታ ነው። በመጽሐፍ የሚያስተምር መምህር «ገጽ 47ን ግለጡ» ይላል፤ ይህን ተርታ ግን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስገልበጥ የማይታሰብ ነው። በምትኩ መምህሩ ለመምህራን በተለየው ክፍል ገብቶ ትምህርቱን አስቀድሞ ለተማሪዎቹ ይመድባል። አስቀድሞ ለተዘጋጀበት ይህ ይበቃል። በትምህርት መካከል ያልታሰበ ጥያቄ ተነሥቶ ወደ ሌላ ምዕራፍ መሻገር ሲያስፈልግ ግን፣ ክፍሉ በሙሉ በየግሉ ሲፈልግ ጊዜው ያልቃል። አዘጋጆቹ ከረጅሙ መለያ ጎን አራት ወይም አምስት አኃዝ ያለው ቁጥር ቢያክሉ፣ መምህሩ ቁጥሩን በጠመኔ ጽፎ ተማሪዎቹን ወደ አንድ ገጽ ለማድረስ በቻለ ነበር።