ትኩስ እንጀራ አይከደንም

እናቴ ስለ ሥራዬ ስትጠይቀኝ «አበባ ነው የምሠራው» እላታለሁ። ዋሸ አልባልም። እዚህ ኮሎራዶ በፈቃድ ካናቢስ በሚያመርቱ ቤቶች ውስጥ ደርቆ ለሽያጭ የሚቀርበው ክፍል ስሙ አበባ ነው። እሷ የምትመርቀው ግን ዝዋይ ጽጌረዳ እርሻ ላይ በሽታ ሲያስስ ይውል የነበረውን ልጇን ነው፤ እኔም አላርማትም። አገር ቤት ይህን ተክል ማብቀል ያሳስራል። እዚህ በፈረንጆቹ 2012 ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶበት፣ ከ2014 መጀመሪያ አንስቶ በሱቅ ይሸጣል።

ከዝዋይ ተከትሎኝ የመጣ ጠላት አለ፤ ቦትራይቲስ፣ ግራጫው ሻጋታ። ጽጌረዳ ላይ ተንኮሉ መዘግየቱ ነበር። ንጹሕ መስሎ የተቆረጠ አበባ ቀዝቃዛ ክፍል አድሮ፣ በአውሮፕላን ሄዶ፣ ሆላንድ ካርቶኑ ሲከፈት ነጠብጣብ ሞልቶት ይገኛል። እዚህ ደግሞ ከውጭ ሲያዩት የሚያምር፣ ጠጠር ያለ አበባ መሃሉ በስብሶ ይጠብቃል። የሚያጋልጠው አንድ ትንሽ ምልክት ነው። ከአበባው ብቅ ካሉት ቅጠሎች አንዷ ብቻዋን ትጠወልጋለች፤ ጎረቤቶቿ አረንጓዴ ናቸው። ሳብ ሲያደርጓት ያለ ምንም ትግል ትወጣለች። ያን ጊዜ ውስጡን ማየት አያስፈልገኝም፤ ግን አያለሁ።

ዝዋይ ቢብስብን እንረጭ ነበር፤ ጽጌረዳን የሚያጨስ የለም። እዚህ ያ መንገድ ጠባብ ነው። ለምሳሌ ማይክሎቡታኒል ወይን ላይ የሚረጭ የታወቀ ፀረ ፈንገስ ነው፤ ሲቃጠል ግን ሃይድሮጅን ሳያናይድ የተባለውን መርዝ ያወጣል። ስለዚህ የተፈቀደው ዝርዝር አጭር ነው፤ አበባው መጠጠር ከጀመረ በኋላ ደግሞ እኔ ከነጭራሹ መርጫ አላነሳም። የሚቀረኝ አየሩና እጄ ነው።

አየሩን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ከምጣድ የወጣ እንጀራ ሳይበርድ ሞሰብ ውስጥ ከተከደነ ያልበዋል፤ ያላበው እንጀራ ደግሞ ቶሎ ይሻግታል። የእኛም ክፍል መብራቱ ሲጠፋ እንደዚያ ነው። ቀን ያጠጣነውን ውሃ ተክሉ አብዛኛውን ወደ አየር መልሶታል። 26 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት የነበረው አየር፣ ውሃው ሳይጨመር ሳይቀነስ፣ 20 ዲግሪ ሲደርስ እርጥበቱ 85 በመቶ ያልፋል። አንድ ቅጠል ወደ 17 ከወረደማ ጤዛ ይቋጥራል። ቦትራይቲስ የሚፈልገው ይህችኑ የጥቂት ሰዓት ርጥበት ነው። ቀን ላይ ቴርሞሜትሩን አይቶ የሚኩራራ ሠራተኛ ስንት ጊዜ አይቻለሁ! እኔ የማምነው የሌሊቱን መዝገብ ነው። እርጥበት መጣጩ ማሽን መብራቱ ሳይጠፋ ቀድሞ ይበረታል፤ ሙቀቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ የመጨረሻው ውሃ ገና መብራት ሳለ ይጠጣል። ጥላ ውስጥ የተኙት የታች ቅጠሎች ይነሳሉ፤ አየር በመሃል እንዲያልፍ።

ፓውደሪ ሚልዲው የሚባለው ሌላው ፈንገስ ደግሞ ጠባዩ ለየት ይላል። ጤዛ አይጠብቅም፣ የሞተ ነገር አይበላም፤ ሕያው ቅጠል ላይ ዱቄት እንደተነሰነሰ ሆኖ ይኖራል። ብዙ ጊዜ የሚገባው ከሌላ ቤት በተገዛ ችግኝ ነው። እንግዳ ችግኝ ሁለት ሳምንት ለብቻው ሳይቆይ ከእኛዎቹ ጋር አይደባለቅም። እዚህ ላይ ከአለቆች ጋር ተጨቃጭቄያለሁ፤ ወደፊትም እጨቃጨቃለሁ።

እጅን ያስተማረኝ የራሴ ጥፋት ነው። ሰባተኛው ሳምንት ላይ፣ ምርት ሊሰበሰብ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ትልቅ አበባ ውስጥ ግራጫውን አየሁ። ደነገጥኩ። ቆረጥኩትና በእጄ እንደያዝኩ፣ ማራገቢያው እየዞረ፣ በመሃል መተላለፊያ አልፌ በሩ ጋ ካለው ቆሻሻ መጣያ ጣልኩት። ቀልጣፋ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ የታመሙት ተክሎች ከዚያ ቦታ እስከ በሩ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ቆሙ፤ የእግሬን መንገድ የሳለልኝ ሰው ያለ ነበር የሚመስለው።

አሁን ሥርዓቱ ሌላ ነው። መጀመሪያ ማራገቢያው ይጠፋል። ፌስታል አበባው ላይ እንደ ቆብ ይጠልቃል፤ እዚያው ፌስታሉ ውስጥ እንዳለ፣ ከታመመው ቦታ ዝቅ ብሎ ጤነኛው ግንድ ላይ ይቆረጣል፤ አፉ ይታሰራል። መቀሱ በ70 በመቶ አልኮል ይጠረጋል፣ ጓንቱ ይጣላል። የዕለቱ ዙር ሁልጊዜ ከችግኞቹ ተነስቶ ወደ ትልልቆቹ ነው፤ የታመመ ክፍል የገባ ሰው ልብሱን ሳይቀይር ወደ ኋላ አይመለስም። የረሳ ካለ አልቆጣም፤ ያንን የበሩን መንገድ አሳየዋለሁ።

ምርቱ ተሰብስቦም ነገሩ አያልቅም። ማድረቂያው ክፍል 16 ዲግሪና 60 በመቶ ላይ ቆሞ አሥር፣ አሥራ አራት ቀን ይፈጃል። የቸኮለ ሰው ላዩ ደርቆ ውስጡ የረጠበ አበባ ማሰሮ ውስጥ ይከድናል፤ አስፐርጂለስ የሚባለው ሻጋታም እዚያ ሊነሳ ይችላል። ከሚገዙን መካከል ካንሰር የሚታከሙ፣ የመከላከል አቅማቸው የደከመ አሉ፤ ያ ሻጋታ ሳንባቸው ውስጥ ሊያድግ ይችላል።

ትናንት ማድረቂያው በር ላይ ቆሜ ቅርንጫፍ እየሰበርኩ ሳዳምጥ እናቴ ደወለች። ቀጭኑ ቅርንጫፍ ቀጭ ሲል መድረሱ ነው።

«አበባው እንዴት ነው ልጄ?»

«ደህና ነው እማዬ፣ አላላበውም።»

«አበባ ደግሞ ያልበዋል እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።