የድሬዳዋ ሌሊት ለማን ረዘመ? የጅቡቲ ባቡር በተጓዦቹ ጽሑፍና ዝምታ

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ በዓል ሊዘግብ እ.ኤ.አ. በ1930 አዲስ አበባ የገባው እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ፣ በዓመቱ ባሳተመው «ሪሞት ፒፕል» ውስጥ ለመሰልቸት ራሱን የቻለ ክፍል መድቦለታል። መሰልቸቱ የያዘው በመልስ ጉዞው፣ ድሬዳዋና ጅቡቲ ላይ ባቡርና መርከብ ሲጠብቅ ነው። ክፍሉ ያስቃል፤ ዎ በራሱ ላይ መሳለቅ ያውቅበታል። ሳቁ ግን ዋጋ አለው፤ ሰዓቱ ለጸሐፊው ባዶ ስለሆነበት ከተማዋም ለአንባቢው ባዶ ሆና ትቀርባለች። በአዲስ አበባ–ጅቡቲው የባቡር መስመር ላይ የጉዞው ትልቁ ክፍል መቆሚያው ነበር፤ መቆሚያውን አስፍቶ የጻፈው ግን እዚያ ምንም የሚሠራው ያልነበረው ሰው ነው።

መቆሚያው እንዲህ የገዘፈበት ምክንያት ከሐዲዱ አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሲሰጡ መስመሩ ሐረርን እንዲነካ ታስቦ ነበር። የተራራው ወጪ ስላስፈራ ሐዲዱ ከታች በቆላው አለፈና በ1895 ዓ.ም. ገና ከተማ ያልነበረበት ቦታ ደረሰ፤ ቦታውም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር»፣ በኋላ ድሬዳዋ ተባለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው ድሬዳዋ አንድ፣ አዋሽ አንድ ሌሊት አድሮ በሦስተኛው ቀን ይደርስ ነበር። የአዋሹ ሆቴል ቡፌ ደ አዋሽ ስሙን ያገነነው በዚሁ ግድ የሆነ አዳር ነው። ጣሊያኖች ያስገቧት ባለ ሞተር ፉርጎ፣ ሊቶሪና፣ ፍጥነት ጨምራለች፤ የአዳሩን ልማድ ግን ከመስመሩ አላጠፋችም።

የውጭ ተጓዦቹ እነዚህን ሌሊቶች እንደየፍላጎታቸው ነው ያነበቧቸው። አሳሹ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በዚያው የዘውድ በዓል ከእንግሊዝ ልዑካን ጋር በዚሁ ባቡር መጥቶ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ አፋር በረሃ ያደረገውን ጉዞ የጀመረው ከአዋሽ ጣቢያ ነው፤ ለእሱ ቁም ነገሩ የሚጀምረው ከባቡሩ ሲወርድ ነው ማለት ይቻላል። የጉዞ ጸሐፊው ፖል ቴሩ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው የአፍሪካ የጉዞ መጽሐፍ ለዚህ መስመር ምዕራፍ ሲሰጥ ደግሞ ባቡሩ አርጅቷል፤ የሚነበበውም እንደ ቅርስ ነው። ሦስቱም ጎበዝ ተመልካቾች ናቸው፤ ይህን መካድ ንፉግነት ይሆናል። ነገር ግን ሦስቱም ጣቢያው ላይ እንግዳ ናቸው። የሚሸጡት፣ የሚደብቁት፣ የሚፈሩት ነገር የላቸውም።

የቤተ መንግሥቱ ትዝታም ከዚህ ብዙ አይሻልም። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚሁ ሐዲድ ለስደት ሲወጡ፣ ታሪክ የያዘው መሄድ ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም የሚለውን ክርክር ነው። ፉርጎው ውስጥ ምን እንደነበረ የሚጠይቅ ብዙ የለም።

ከእንግዶቹና ከቤተ መንግሥቱ ወደ ባቡሩ ሦስተኛ ማዕረግ እንለፍ። እዚያ የእንጨት ወንበር፣ በየመተላለፊያው የተደረደረ ከረጢት፣ በአንድ ፉርጎ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ አለ። ከዘውዱ ዘመን በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት የመስመሩ ቋሚ ደንበኛ ነጋዴዋ ነበረች። ወደ ጅቡቲ ጫትና አትክልት ይዛ ትወርዳለች፤ ስትመለስ ልብሱ፣ ሽቶው፣ ሲጋራው፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃው አብሯት ይወጣል። የኮንትሮባንድ ተቆጣጣሪው ፊናንስ የት እንደሚሳፈር፣ የትኛው ፈታሽ ዐይኑን እንደሚጨፍንና በስንት እንደሚጨፍን፣ ባቡሩ የቱ መታጠፊያ ላይ ፍጥነት እንደሚቀንስ ታውቃለች። ያኔ ጥቅሉ በመስኮት ይወረወራል፤ ታች የሚቀበል ሰው አለ። ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደርባ የተቀመጠች ሴት፣ አጠገቧ ላለው የማታውቀው መንገደኛ «ወንድሜ፣ ይቺን ያንተ ናት በልልኝ» ስትለው እሺ ማለትም እንቢ ማለትም መዘዝ ነበረው። አንድ ካርቶን ብስኩት የመላ ፉርጎው ጉዳይ ይሆን ነበር።

እንግዲህ ለዎ አላልቅ ያለው የድሬዳዋ ሰዓት፣ በኋላ ዘመን ለዚህች ሴት የሚያጥር ሰዓት ነበር። በፍተሻና በመነሻ ፊሽካ መካከል የወር ገቢዋ ይወሰናል። ታዲያ ይህ ሁሉ ልምድ ለምን አልተጻፈም? ማንበብና መጻፍ አለመቻል አንዱ መልስ ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው አይደለም። የነጋዴዋ እውቀት ዋጋ የሚኖረው ካልተጻፈ ብቻ ነው፤ የትኛው ጥቅል በማን እጅ እንዳለፈ ወረቀት ላይ ማስፈር ለፊናንስ ማስረጃ ማዘጋጀት ነበር። ስለዚህ የጉዞ ሥነ ጽሑፍን በታተመ መጽሐፍ ብቻ የሚለካ ሃያሲ፣ በዚህ መስመር ላይ የሚያገኘው ምንም ያልደበቁትን ሰዎች ድምፅ ብቻ ነው። ይህን ስል ስለ ሦስተኛ ማዕረግ ዘፈን ልዘፍን አይደለም። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡሩ መታጠፊያ ላይ ባለ ድልድይ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው አልቋል፤ የአፍሪካ አስከፊው የባቡር አደጋ ተብሎ ተመዝግቧል። አገሪቱ በረሃብ ተይዛ ስለነበር ሐዘኑ ከሌላ ሐዘን ሥር ገባ። የጉዞ ጸሐፊዎች ያንን ድልድይ ሲሻገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሱት የሸለቆውን ውበት ነው።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ሌሊቶቹን ሰርዟቸዋል። ከአዲስ አበባው ለቡ ተነስቶ በጅቡቲው ናጋድ የሚያበቃው ጉዞ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ለታመመ፣ ለተማሪ፣ ልጅ ላዘለች እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተለወጠው ግን ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። አሮጌው ጣቢያ ድሬዳዋን ወልዶ መሃሏ ላይ ቆሞ ነበር፤ አዲሶቹ ጣቢያዎች በአብዛኛው ከከተማ ወጣ ብለው፣ ታክሲ ወይም ባጃጅ የሚያስፈልግበት ሜዳ ላይ ናቸው። ሻንጣ መግቢያው ላይ በማሽን ይታያል፣ ድንበር የሚሻገር ፓስፖርቱን ያሳያል፣ መስኮት ሥር ብርቱካን ይዞ የሚሮጥ ልጅ የለም። መንገደኛው በወንበር ቁጥሩ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። የፉርጎው ሰው እርስ በርስ የሚፈላለግበት ጉዳይ የለውም።

በአሁኑ መስመር ላይ ከባቡሩ ጋር የሚደራደረው ሌላ ሰው ነው፤ በግና ግመሉ ሐዲዱ ላይ የተገጨበት አርብቶ አደር። የካሳው ክርክር ተደጋግሞ ይሰማል። ትኬት ቆርጦ አያውቅም፤ ባቡሩ የሚያልፍበትን ሰዓት ግን ከተሳፋሪው ይልቅ እሱ ያውቀዋል።