የእርሻ ስምና የትውልድ ሐረግ፤ ስለ ኦሉፍ ሪግ መጽሐፍና ስለ አነባበቡ

የኖርዌይ ተወላጆች፣ ይልቁንም አያቶቻቸው ወደ አሜሪካ የተሻገሩት፣ የዘራቸውን ምንጭ ለማግኘት ሲነሡ ቶሎ ከሚገልጧቸው መጻሕፍት አንዱ ፕሮፌሰር ኦሉፍ ሪግ የጀመሩት «የኖርዌይ የእርሻ ስሞች» የተባለው ሥራ ነው። መጽሐፉ ታላቅ መሆኑን የሚክድ የለም። የሚነበብበት መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ስሕተት አለበት፤ ምክንያቱም ሪግ የጻፉት ስለ ቦታ ስም ሲሆን አንባቢው የሚፈልግበት የሰውን ዘር ነው።

የሥራው አመጣጥ ራሱ ይህን ያስረዳል። በ1878 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መንግሥት የመሬት መዝገቡን ሲያሳድስ፣ የእርሻ ስሞችን አጻጻፍ የሚያርም ኮሚሲዮን አቆመ፤ አባሎቹም ሪግ፣ ሶፉስ ቡጌና ዮሃን ፍሪትስነር ነበሩ። አገሪቱ ለብዙ ዘመን በዴንማርክ ነገሥታት ሥር ስለ ነበረች ጸሐፊዎች የባላገሩን ስም በዴንማርክኛ ልማድ እየለወጡ ይጽፉት ነበር። ከዚህ ምርመራ የተገኘው መጽሐፍ በ1897 መታተም ጀመረ፤ ሪግ በ1899 ቢሞቱም ሌሎች ሊቃውንት ቀጥለው በ1924 ፈጸሙት። ለየእርሻው በመጀመሪያ የአገሬው አነጋገር፣ ቀጥሎ በጥንት ጽሑፎች የተገኘው አጻጻፍ ከነዓመቱ፣ በመጨረሻም የስሙ ትርጓሜ ይሰጣል። ከጸሐፊው ብዕር ይልቅ የገበሬውን አፍ ማስቀደማቸው በዚያ ዘመን ቀላል ድፍረት አልነበረም። በ«ቪን»፣ ማለት በመስክ፣ የሚጨርሱት ስሞች ከቫይኪንጎች ዘመን በፊት የወጡ መሆናቸውን፣ በ«ሩድ»፣ ማለት በምንጣሮ፣ የሚጨርሱት ግን አብዛኛውን ጊዜ የመካከለኛው ዘመን መሆናቸውን ተማሪው ከዚህ ሥራ ሊረዳ ይችላል። (የበርገን ከተማ ጥንተ ስምም «ቢዮርግቪን» ነበር፤ ዛሬ በጆሮ ብቻ ማን ያውቀዋል?)

ችግሩ የሚጀምረው ስሙ ከቦታው ወደ ሰው ሲተላለፍ ነው። የኖርዌይ ባላገር እንደ እኛው በአባቱ ስም ይጠራ ነበር፤ የሃንስ ልጅ ኡሌ «ኡሌ ሃንሰን»፣ እኅቱም «ሃንስዳተር» ትባላለች። የእርሻው ስም በስተኋላ የሚጨመረው የሚኖርበትን ለማመልከት ነው። ይህ ኡሌ በበርግ ሲኖር «ኡሌ ሃንሰን በርግ» ተብሎ ይጻፋል፤ የሃውገንን ባለ እርሻ ልጅ አግብቶ ወደዚያ ቢገባ «ኡሌ ሃንሰን ሃውገን» ይሆናል። ሦስት ወንድማማቾች በሦስት እርሻ ቢያድሩ ሦስት ስም ይኖራቸዋል። ለሁሉም ቋሚ የቤተ ሰብ ስም እንዲኖር ሕግ ያዘዘው በ1923 ነው።

ለአማርኛ አንባቢ «ኦዴል» የተባለውን መብት «ርስት» ብሎ መተርጎም ያምራል፤ ዘመድ የተሸጠውን እርሻ የመቤዠት መብት ስላለው ተመሳሳይነት አለው። ነገር ግን ልዩነቱ መዘንጋት የለበትም። እስከ 1975 በነበረው የአማራ አገር የርስት ሥርዓት ሰው ከአቅኚው አባት መወለዱን ቈጥሮ መሬት ይጠይቅ ነበር። በኖርዌይ ግን እርሻው ሳይከፈል ብዙ ጊዜ ለበኵሩ ያልፋል፤ ታናናሾቹ ሲወጡ ስሙ ከእርሻው ጋር ይቀራል። በአንዱ ዘር መሬትን ይሰጣል፣ በሌላው መሬት ስምን ይሰጣል።

ክኑት ሃምሱን የተባለው ደራሲ መልካም ምስክር ነው። በ1859 በጉድብራንስዳል ሲወለድ ክኑድ ፔደርሰን ይባል ነበር፤ «ሃምሱን» የተባለው በልጅነቱ ቤተ ሰቡ ወደ ሰሜን ተሻግሮ በሃማሮይ ከሰፈረበት ሃምሱንድ ከተባለ እርሻ ነው። ስሙን ብቻ ይዞ የሪግን የኖርድላንድ ክፍል የሚመረምር ሰው የአባቶቹን አገር በመቶ የሚቈጠሩ ኪሎ ሜትሮች ይስተዋል።

ከዚህም የከፋ ስሕተት አለ። አንድ እርሻ በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም የኦስሎው ጳጳስ ኤይስተን ባስጻፉት የቤተ ክርስቲያን መሬት መዝገብ ተጠቅሶ ሲገኝ፣ ዛሬ ስሙን የያዘው ቤተ ሰብ «ዘራችን ስድስት መቶ ዓመት ሆነው» ይላል። የዘመኑ ብዛት የስሙ እንጂ የሰዎቹ አይደለም። በ1349 የገባው ታላቅ ወረርሽኝ ብዙ እርሻዎችን ለትውልዶች ባድማ አድርጎ ስለ ነበር፣ ኋላ ያቀኗቸው ሰዎች ከቀድሞዎቹ ጋር ዝምድና እንዲኖራቸው ግድ አይደለም።

በመጽሐፉ በራሱ ላይ የምናቀርበው ነቀፋ አንድ ነው። ሪግ የተከተሉት የመሬት መዝገቡን ስለ ሆነ፣ በባለ እርሻው መሬት ጎጆ ቀልሰው በጉልበት የሚያድሩት «ሁስማን» የተባሉት ጭሰኞች የሰፈሩባቸው ትንንሽ ቦታዎች በአብዛኛው አልገቡበትም። ከ1825 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ከተሰደዱት ብዙዎቹ የእነዚህ ልጆች ናቸው። ጭሰኛው በጌታው እርሻ ስም ሲጠራ የልጅ ልጁ ራሱን የባለ ርስት ዘር አድርጎ ያስባል፤ መጽሐፉም አያርመውም። በየወረዳው የተጻፉት የእርሻ ታሪኮችም በድሮ እትሞቻቸው ባለቤቶቹን በዝርዝር ተከትለው ጭሰኞቹን በጥቂት መስመር ያልፏቸዋል።

ስለዚህ ፍለጋው ከሰው እንጂ ከስም መጀመር የለበትም። የ1865 የሕዝብ ቈጠራ እያንዳንዱን ሰው ከነዕድሜውና ከተወለደበት ደብር ጋር ስለሚጽፍ ጭሰኛውን ከጎጆው ያገኘዋል፤ ከዚያ ወደ ደብሩ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ፣ ቀጥሎም ወደ 1801 ቈጠራ መውጣት ይቻላል። ወራሾችን በስም የሚዘረዝረው የውርስ ክፍፍል መዝገብ ከሁሉ ይልቅ የታመነ ነው፤ ሆኖም የሚከፈል ንብረት ያልነበረው ድኻ በዚያ አይገኝም። እነዚህን መዛግብት የአገሪቱ ቤተ መዛግብት ዛሬ በኢንተርኔት ያለ ዋጋ ያስነብባል፤ የሪግም መጽሐፍ እንዲሁ ይገኛል፤ መከፈት ያለበት ግን ሰውየው በየትኛው ደብር እንደ ተወለደ ከታወቀ በኋላ ነው።