ሰዓት ችሎታን ይመሰክራልን?

በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ የሚገኘው የዋሽንግተን ግዛት፥ አንድ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ባለሙያ በሙያው ክልል የኤሌክትሪክ ሥራ እንዲሠራ የሚፈቅድለት፥ በባለፈቃድ ተቆጣጣሪነት 4,000 ሰዓት ሠርቶ ፈተና ሲያልፍ ነው። ለጠቅላላ ኤሌክትሪሽያን የሚጠየቀው 8,000 ሰዓት ነው። ሥራው በተወሰኑ መሣሪያዎች ዙሪያ ስለሆነ ልዩነቱ አግባብ አለው። የፈቃዱም አስፈላጊነት አያጠራጥርም፤ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የሚጠየቀው የቴክኒሽያኖች ምስክር ወረቀት የሚመለከተው የማቀዝቀዣ ጋዝ አያያዝን ብቻ ነው። ካፓሲተር ደግሞ ኃይል ከተቋረጠ በኋላም ሙላቱን ይዞ ቆይቶ ያልሠለጠነውን ሊመታ ይችላል።

ነቀፌታችን በመለኪያው ላይ ነው። ሰዓት ቆይታን ይቆጥራል፤ የተቀሰመውን ዕውቀት ግን አይገልጥም። አንዱ ሠልጣኝ ልዩ ልዩ ብልሽት ሲመረምር፥ ሌላው አንድ ዓይነት ሥራ ሲደጋግም ሊከርም ይችላል፤ በመዝገብ ግን ሁለቱ እኩል ናቸው። ግዛቱ ከጁላይ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ፥ ጠቅላላ ኤሌክትሪሽያን ለመሆን የሚፈልግ በመሠረቱ የተመዘገበ የተለማማጅነት ሥልጠና እንዲፈጽም ደንግጓል። ለማቀዝቀዣው ባለሙያ ግን የቀረለት ያው የሰዓት ቆጠራ ነው። አደጋው ለሁለቱም አንድ ሆኖ ሳለ፥ የሥልጠናው ሥርዓት መለያየቱ ተገቢ አይመስለንም።

የሙያ ትምህርት የሚያቅዱና የሚያስተምሩ ሁሉ ከዚህ የሚቀስሙት አለ። የሰዓት ድልድል ከመውጣቱ አስቀድሞ ሠልጣኙ ሠርቶ ሊያሳያቸው የሚገቡ ተግባሮች ይዘርዘሩ፤ ይኸውም ኃይል መዝጋት፥ መቋረጡን በመለኪያ ማረጋገጥ፥ ካፓሲተርን ማራገፍ፥ የፈቃዱንም ወሰን ለይቶ ማወቅ ነው። የሚያስፈልገው ሰዓት ከነዚህ ተነሥቶ ይወሰን።