በስምንት ጎማ

እስከ ዛሬ የት ነበርኩ? ነገሩ እንዲህ የሚጣፍጥ ከሆነ ለምን አንድም ሰው ጎትቶ አልወሰደኝም? ስኬት ጫማ! አራት አራት ጎማ በአንድ መስመር የተደረደረበት፣ መስቀል አደባባይ ላይ ልጆች ተጫምተውት አጠገባችን ሽው ሲሉ «ኧረ ቀስ!» እያልን የምንቆጣው ያ ጫማ። እናንት አርባን የተሻገራችሁ፣ ወገባችሁን የምታስታምሙ፣ ደረጃ የሚያስለከልካችሁ፦ ይህ ነገር የኛም ነው። እንዲያውም ከልጆቹ ይልቅ የኛ ነው ብዬ እከራከራለሁ። እነሱ መቼ ፈርተው ያውቁና!

ምሥጢሩ ያለው ጉልበት ላይ ነው። ሰው ሲፈራ ቀጥ ይላል፣ ወደ ኋላም ዘንበል ይላል፤ ያን ጊዜ ጎማው ወደ ፊት ያመልጥና መቀመጫ አስፋልት ላይ ያርፋል። መዳኛው ፍርሃት ያዘዘውን ትቶ ተቃራኒውን ማድረግ ነው፤ ቅልጥም የጫማውን ምላስ እስኪጫን ጉልበትን አጥፎ ዝቅ ማለት፣ ዓይንን ከእግር ነቅሎ ሩቅ ማየት። አስተማሪዬ የእህቴን ልጅ የሚያክል ጎረምሳ ነው። «ማዘር፣ ጉልበቶን አጠፍ! ገና ነው፣ አሁንም አጠፍ ያርጉት! መሬት አይዩ!» ይለኛል። «ማዘር» መባሉ መጀመሪያ ላይ ቆንጠጥ አድርጎኝ ነበር። አሁን ያንን ጩኸት ካልሰማሁ አልነሳም።

ከዚያ ግፊቱ አለ። እንደ እርምጃ እግርን ወደ ፊት መወርወር የለም። ተረከዝ ለተረከዝ ቀረብ፣ ጣቶች ከፈት፣ አንዱ እግር ወደ ጎን ይገፋል፣ መላው ክብደት ሌላው ላይ ይጣላል። በአንድ እግር መቆም፣ ያውም በሚሄድ እግር! ሰውነት ይህን ያመነበት ቅጽበት... ወይ ጉድ፣ ምን ብዬ ልንገራችሁ? ሳልራመድ እሄዳለሁ። ጥሩ ኩሽኔታ ያለው ጎማ ለስላሳ አስፋልት ሲያገኝ የሚያሰማው ሽርርታ ከየትኛውም ሙዚቃ ይበልጥብኛል። በ2013 ዓ.ም. የታደሰው መስቀል አደባባይ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ በ2011 የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው ከመኪና ነፃ ቀን ደግሞ መኪና በሌለበት አስፋልት ላይ ለጀማሪ ከሰማይ የወረደ ስጦታ ነው። ጌጠኛ ድንጋይ ግን የስኬት ጠላት ነው፤ ጥርስን እንደ ጸናጽል ያንሿሿል።

መውደቅ አለ፣ አልዋሽም። እሱም ቢሆን ትምህርት አለው፦ ወደ ፊት፣ በጉልበት መከላከያው ላይ ተንሸራትቶ መውረድ። ሄልሜት የግድ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የእጅ አንጓ መከላከያ! ሰው ሲወድቅ እጁን ይዘረጋልና። እ.ኤ.አ. በ1996 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ጥናት፣ መከላከያውን ያላጠለቁ ሰዎች አንጓቸው ላይ የመጎዳት ዕድላቸው ካጠለቁት አሥር እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ጎረምሶቹ ሳያጠልቁት ሲሮጡ ሳይ እጄን ያመኛል።

ፍሬኑንም ይንቁታል፤ ቀኝ ተረከዝ ላይ ያለችውን ያችን ላስቲክ ፈትተው ይጥሏታል። ለእኔ ግን ከጫማው ሁሉ የተወደደችው እሷ ናት። ባለፍሬኑን እግር ወደ ፊት ሰደድ፣ ዝቅ፣ ጣትን ቀና፤ በቃ፣ ቆምኩ! በ18ኛው መቶ ዘመን ለንደን ውስጥ ጆን ጆሴፍ መርሊን የተባለው የረቀቀ ሜካኒክ በሠራው ባለጎማ ጫማ ቫዮሊን እየተጫወተ ግብዣ መሐል ገብቶ፣ መዞርም መቆምም ስላቃተው ከትልቅ መስታወት ጋር ተላትሞ መስታወቱንም ቫዮሊኑንም እንደሰባበረ፣ ራሱም ክፉኛ እንደቆሰለ ይተረካል። ፍሬን ቢኖረው ኖሮ! ጫማው በዓለም ላይ የተስፋፋው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው፤ ሚኒሶታ ውስጥ ሆኪ ተጫዋች የነበሩት የኦልሰን ወንድማማቾች በረዶ በሌለበት በበጋ ልምምዳቸውን ለመቀጠል ብለው አሻሻሉት።

ደግሞ ይህን ስሙ። ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በ2:03:59 የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረበትን የበርሊን ማራቶን ሁላችንም እናውቀዋለን። በዚያው ከተማ፣ ሩጫው ሊካሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ቅዳሜ፣ ይህንኑ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በስኬት ጫማ የሚወዳደሩ ሰዎች አሉ፤ ፈጣኖቹ ከአንድ ሰዓት በታች ይጨርሱታል! ከአንድ ሰዓት በታች! ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማ መግዛት አያስፈልግም፤ እኔም ተውሼ ነው የጀመርኩት። ቁርጭምጭሚትን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ይሁን፣ ጎማው 80 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ይበቃል፣ ወፍራም ካልሲም አትርሱ። እሑድ በጠዋት እዚያው መስቀል አደባባይ ነኝ። የእግር ቁጥራችሁን ብቻ ላኩልኝ፣ አስይዝላችኋለሁ።