ለባሕር ዛፍ ስንት ጉልበት ይበቃል?

«ጋሼ፣ ይሄ መጋዝ አልቻለም፤ ትልቁን ልግዛ?» የሚለኝ ማገዶ ቆራጭ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንደሚሠራ ነው። እኛ የምንቆርጠው ደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ከባሕር ወለል ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ባለ ደጋ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ የቤንዚን ሞተር ደግሞ ያለ በቂ አየር ነዳጁን አንድዶ ጉልበት ማውጣት አይችልም። በደፈናው ከፍታው 100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። ካርቶኑ ላይ 2.3 ኪሎ ዋት የሚል መጋዝ እኛ ሰፈር ሲደርስ 1.7 ገደማ ሆኖ ይሠራል ማለት ነው። ሻጭ ይህን ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ የደጋ ሰው ጠንከር ያለ መጋዝ ቢፈልግ ቅንጦት አይደለም፤ አየሩ የወሰደበትን መተካቱ ነው።

ይሁን እንጂ «ደከመ» ተብለው ከሚመጡልኝ መጋዞች አብዛኞቹ ሞተራቸው ደህና ነው። የደነዘው ሰንሰለታቸው ነው። ምርመራው ቀላል ነው፤ መሬት ላይ የሚወድቀውን ማየት። የተሳለ ሰንሰለት ወፈር ያለ ፍቅፋቂ ይተፋል፣ የደነዘ ዱቄት ያወጣል። ዱቄት የሚያወጣ መጋዝ እንጨቱን እያሻሸ ነው እንጂ እየቆረጠ አይደለም፤ ሠራተኛውም ይጫነዋል፣ ሞተሩም ይግላል፣ ቤንዚኑም ያልቃል።

አሁን የምንጠቀምበት የሰንሰለት ጥርስ የተወለደው ከአንድ ትል ነው። ጆሴፍ ቡፎርድ ኮክስ የሚባል አሜሪካዊ እንጨት ቆራጭ በ1946 እ.ኤ.አ. ኦሪጎን ውስጥ የጥንዚዛ እጭ ጉቶ ስትበላ ያያል። እጯ አፏን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያፈራረቀች፣ ደረቅ እንጨት ለስላሳ የሆነ ይመስል ትቦረቡራለች። እሱም በዚያው ዘዴ አንዱ ጥርስ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ የሚቆርጥ ሰንሰለት ሠራ። ይህን የምነግራቸው ሞረድ ለሚይዙ ልጆች ነው። የግራውና የቀኙ ጥርስ እኩል ካልተሞረዱ ሰንሰለቱ ወደ አንድ ወገን ይጎትትና ቁርጡ ይጣመማል፤ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረትም እንጨቱ ውስጥ ይያዛል።

ብዙ ሰው ጥርሱን ይሞርድና ከጥርሱ ፊት ያለችውን ትንሽ ጉብታ ይረሳታል። ጥርሱ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚነክስ የምትወስነው እሷ ናት። በተለመዱት ሰንሰለቶች ከጥርሱ ጫፍ በ0.65 ሚሊሜትር ዝቅ ማለት አለባት። ጥርሱ በተሞረደ ቁጥር እያጠረ ይሄዳል፤ ጉብታዋ ባለችበት ከቀረች ጥርሱ የቱንም ያህል ቢሳል እንጨቱን አይነካውም። እልህ ይዞት ከመጠን በላይ የሚሞርዳትም አለ። ያኔ ሰንሰለቱ እንጨቱን ያንቀዋል፣ መጋዙም ይዘላል። የሞረዱም ውፍረት እንደ ሰንሰለቱ ነው፤ ለሦስት ስምንተኛ ኢንች ሰንሰለት 5.2፣ ለ0.325ው 4.8 ሚሊሜትር።

ሁለተኛው ጉልበት የሚባክንበት ቦታ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት ነው። ገበያ ላይ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ረጅም ከሆነ ኃይለኛ ይመስለዋል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ብረቱ በሙሉ ወፍራም ግንድ ውስጥ ሲገባ በአንድ ጊዜ የሚነክሱት ጥርሶች ይበዛሉ፣ ሁሉንም የሚጎትተው ያው ሞተር ነው። ከጉቶ ያቆጠቆጠ የእኛ ባሕር ዛፍ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላይ እያለ ይቆረጣል። ለዚህ 40 ሴንቲ ሜትር ብረት ከበቂ በላይ ነው። ወፈር ያለ ግንድ ሲገጥም ከሁለት ወገን መቁረጥ ይቻላል።

ታዲያ ትልቅ ሞተር የግድ የሚሆነው መቼ ነው? ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑና በየአሮጌው ግቢ ዙሪያ ለሁለት ሰው እቅፍ የሚሆን ነጭ ባሕር ዛፍ አለ። እንዲህ ያለው ሲወድቅ፣ ከዚያም ባለቤቱ እስኪሸጠው በፀሐይ ሲከርም፣ እንደ ብረት ይጠነክራል። ለዚያ ትንሽ መጋዝ ማቅረብ ሞተሩን መግደል ነው። ለዳቦ ቤትና ለድግስ ማገዶ የሚያቀርብ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ግንድ የሚከትፍ ሰውም ትልቅ ሞተር ይገባዋል። ምርጫው በእጄ ሲሆን ግን ባሕር ዛፍን እርጥቡን ነው የምቆርጠው፣ እርጥቡን ነው የማስፈልጠው። መጥረቢያው ራሱ ልዩነቱን ያውቀዋል።

ግንዱ ግማሽ ድረስ ተቆርጦ ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ሲይዘው «ጉልበት አነሰው» የሚሉም አሉ። ባሕር ዛፍ ሲያድግ በውስጡ ውጥረት ይዞ ነው፤ ሲቆረጥ ይሰነጠቃል ወይም ይገጥማል። እዚያ ላይ 100 ሲሲ ሞተርም አያድንም። የሚያድነው ቁርጡ ውስጥ የሚገባ የእንጨት ሽብልቅ፣ እንዲሁም ግንዱ በየት በኩል እንደተደገፈ ቀድሞ ማየት ነው።

ወደ ቁጥሩ ስንመጣ፣ በብዛት የሚታወቀው ስቲል 250 ሞተሩ 45.4 ሲሲ፣ ጉልበቱ 2.3 ኪሎ ዋት፣ ክብደቱ ያለ ብረቱና ሰንሰለቱ 4.6 ኪሎ ነው። ትልቁ 382 ደግሞ 72.2 ሲሲና 3.9 ኪሎ ዋት ነው፤ ከ6 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ለደጋ ማገዶ የእኔ ፍርድ መሃሉ ነው፦ 60 ሲሲ አካባቢ፣ 3 ኪሎ ዋት ገደማ፣ ብረቱ ከ45 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ። እኛ ጋ ሲደርስ 2.2 ይሆናል፤ ትንሹ መጋዝ ቆላ ላይ የሚሰጠውን ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ክብደቱ ክንድና ወገብ ይበላል፤ የብረቱ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ላይና ወደ ቆራጩ የሚወረወርበት ኃይልም ያድጋል። በነጠላ ጫማ ሆኖ ትልቅ መጋዝ የሚያነሳ ልጅ ሳይ ሥራዬን አቋርጬ አስቆመዋለሁ። የሚገዛው ገንዘብ ከተረፈው ለጫማ፣ ለእግር መከላከያና ለጆሮ መሸፈኛ ያውለው።

ትንሹንም ቢሆን አትሽጡት እላለሁ። ጉቶው መልሶ እንዲያቆጠቁጥ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ውኃ እንዳይተኛበት ዘመም ተደርጎ፣ ልጡ ሳይላጥ መቆረጥ አለበት። ቀላል መጋዝ በተሳለ ሰንሰለት ይህን አሳምሮ ይሠራዋል። ጉቶ ያበላሸ ሰው የሚቀጥለውን ምርት ነው የቆረጠው።

ስትገዙ የተለጠፈውን ቁጥር ብቻ አትመኑ፤ አስመስሎ የተሠራ ብዙ ነው። የሲሊንደሩን ስፋትና የፒስተኑን ምልልስ ጠይቁና አስሉት። 42.5 ሚሊሜትር ስፋትና 32 ሚሊሜትር ምልልስ 45.4 ሲሲ ይሰጣል፤ 52 በ34 ደግሞ 72.2። ሒሳቡ አልገጥም ካለ ተዉት። ፒስተን፣ ፋሻና ካንዴላ በአቅራቢያችሁ የማይገኝለትንም መጋዝ እንዲሁ።

ደጋ ላይ የተስተካከለ መጋዝ ይዞ በጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ከዚያም አልፎ አፋር ፕሮሶፒስ የሚባለውን ዛፍ ሊቆርጥ የሚወርድ ሰው ደግሞ ከመቁረጡ በፊት ካርቡራተሩን ማስተካከል አለበት። ለስስ አየር ተብሎ የተቀነሰው ነዳጅ በቆላው ወፍራም አየር ውስጥ ያንሳል፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚመጣ ፒስተኑ በደረቁ ይግላል፣ ይፋጫል። አንዳንድ አዳዲስ ሞዴሎች ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ። በካቻቢቴ የሚስተካከለውን ግን ለትልቁ ፍጥነት የሆነችውን ብሎን ወደ ግራ ጥቂት አላሉ፤ ያለ ሥራ በሙሉ ጋዝ ሲሮጥ ጥርት ብሎ የሚጮህ ከሆነ ገና ነዳጅ ጎድሎታል፣ ጉርምርም ሲል ቁረጡበት።