ከፎቶግራፉ ጥግ የቆመው ውሻ

አንድ አማተር ፎቶግራፍ አንሺ በስሜንና በባሌ ተራሮች ሲዘዋወሩ ካነሷቸው ፎቶግራፎች አብልጠው የሚወዷቸውን መርጠው አሳይተውናል። የጭላዳው ቀይ ደረት፣ የዋልያው ቆልማማ ቀንድ፣ የደጋ አጋዘኑ ንቁ ዓይን ከቅርብ ጥርት ብለው ይታያሉ። የአንሺው ትዕግሥትና የብርሃን አያያዛቸው የሚመሰገን ነው። ሆኖም እንስሳቱ ከመኖሪያቸው ተነጥለው ስለቀረቡ፣ ተመልካቹ ከማድነቅ አልፎ የሚጠይቀው ነገር አያገኝም።

ከሁሉ የላቀው፣ አንሺው ራሳቸው ጉድለት አይተውበት ከመጨረሻ ያስቀመጡት ነው። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በባሌው የሳነቴ አምባ፣ አንዲት ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ለመያዝ አድብታለች፤ ከበስተኋላዋ፣ ከፎቶግራፉ ጥግ፣ የእረኛ ውሻ በደብዛዛው ይታያል። አንሺው ይህን እንደ እንከን ቆጥረውታል። ነገር ግን በዓለም ላይ የቀሩት ያደጉ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡ፣ ከውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታም ደጋግሞ እንደፈጃቸው ለሚያውቅ ሰው፣ የሥራው ፍሬ ነገር ያ ደብዛዛ ምስል ነው። እረኛውም ቢሆን ከብቱን ከጅብ የሚጠብቀው በውሻው ነው። ፎቶግራፉ በማንም ላይ ሳይፈርድ ሁለቱንም ችግር በአንድነት ያሳያል።

አንሺው ውበትን መፈለግ ያውቃሉ። ዓይናቸው ያየውን ሁሉ ሳይቆርጡ ቢያቀርቡልን፣ ሥራቸው ከማስደሰት አልፎ ምስክር ይሆናል።